የጎመን ክረምት በኹበር

ሰኔ 20፣ ዓርብ

ሚስቴ ማሂ ዛሬ ጠዋት ጎመን አማረኝ አለች። ደስ ብሎኝ ነው ደብተር ያወጣሁት።

ከሚያዝያ ጀምሮ «ምን ልግዛልሽ?» ስላት መልሷ «ምንም» ነበር። ዶሮ ሸተተኝ፣ እንቁላል ሸተተኝ፣ አንድ ቀንማ አንተም ሸተትከኝ ብላኛለች። የብረት ክኒኑን ስትውጥ ያስመልሳታል። ባለፈው ቀጠሮ ሐኪሟ ዶክተር ኢልሃም የደሟን ውጤት አይታ ፊቷን ቅጭም አደረገች። እማማ ቦሰና ደግሞ ከደብረ ብርሃን በየቀኑ ይደውላሉ። «ልጄ ከሳችብኝ። የበኩር ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው፤ ላካት» ይሉኛል። ልክ ናቸው፣ ወጉ እንደዚያ ነው። እሳቸው እንዳይመጡ አውሮፕላን አልሳፈርም ብለዋል፤ እግራቸው መሬት ሳይነካ ማደር አይችሉም።

ችግሩ ማሂ ከሄደች እኔ መከተል አልችልም። እዚህ ዐረብ አገር፣ በምሠራበት ሆስፒታል የሕክምና መሣሪያ የምንጠግነው ሁለት ነን፤ ባልደረባዬ ለዕረፍት አገሩ ስለገባ እኔ እስከ ጥቅምት ንቅንቅ የለም። ልጄን መጀመሪያ የማየው በስልክ ይሆናል ማለት ነው። ይህን ለማሂ አልነገርኳትም። «አንቺ እንደሚሻልሽ» ነው ያልኳት፤ ነፍሰ ጡር ሰው ላይ ጭንቀት አይጨመርም።

ተስማምተናል። ሐምሌ 29 ቀጠሮዋ ነው። ያን ቀን ደሟ ከፍ ብሎ ከተገኘ እዚሁ ትወልዳለች፤ ካልሆነ ወደ እናቷ ትሄዳለች።

እንግዲህ ጎመን ምን ያህል ሊከብድ ነው? ነገ እገዛለሁ።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

ጎመን የለም።

ትልቁ ገበያ አዳራሽ ገብቼ የቅጠሉን መደርደሪያ ከዳር እስከ ዳር አየሁት። ጀርጂር አለ፣ ሙሉኺያ አለ፣ ከእንስላል እስከ ድንብላል አለ። ሻጩን በምችለው ዐረብኛ «ሰፊ ቅጠል፣ ጠንካራ፣ እናቴ የምትሠራው» ብዬ አስረዳሁት። «ማፊ»፣ የለም፣ አለኝና ቆስጣ አስያዘኝ።

ማሂ ድስቱን ከፍታ አየችና «ቆስጣ ጎመን አይደለም» አለች። ስትል ጉንጯን በመዳፏ ደገፍ አድርጋ ነበር። እማማ ቦሰና ትናንት ምን ብለውኛል? «ያማራትን ሳታገኝ ገላዋን ከነካች ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል፤ እጇን ተከታተል።» እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ እንዲህ ያለውን አላምንም። ግን እጇን ከጉንጯ ላይ አነሳሁት።

«ምን ሆነሃል?» አለችኝ።

«ምንም። እጅሽን መያዝ አማረኝ።»

ሰኔ 24

ለሥራ ስወጣ። ችኮላ።

ጫማዬን ሳስር ማሂ መኝታ ቤት ሆና ከእናቷ ጋር ስታወራ ሰማሁ። «ትንሽ ታገሺ እማዬ። ለሱ እንዴት ብዬ ልንገረው?» ስትል። ኪሎዋ ቀንሶ ይሆናል፣ እንዳልደነግጥ ደብቃኛለች። ምስኪን። የመኝታ ቤቱ መጋረጃ ዛሬም አልተከፈተም። ብርሃኑ ያስቸግራት ይሆን?

ሰኔ 27፣ ዓርብ

ማሪቴስ ደረሰችልኝ። በእኛ ሆስፒታል የዳያሊሲስ ክፍል ነርስ ናት፣ ፊሊፒናዊት፣ ሳቋ ከማሽኖቹ ድምፅ በላይ የሚሰማ። ስለ ጎመኑ ስነግራት «ቅጠል የቸገረው ሰው ዐረብ ሱቅ ምን ይሠራል? ወደኛ ሱቅ ሂድ» አለችኝ።

ሱቁ እዚሁ አል ኹበር አል-ጀኑቢያ፣ ደቡብ ኹበር ነው፤ ከቤታችን በእግር የሚደረስ፣ ስንት ጊዜ አልፌው የሄድኩ። ከመኪና ስወርድ መነጽሬ በወበቁ ድፍን አለ፣ እየዳበስኩ ነው የገባሁት። ውስጡ የማላውቀው ቅጠል በጋዜጣ ተጠቅልሎ ተደርድሯል። ካንግኮንግ የሚሉትን ገዛሁ። አገዳው እንደ ሸምበቆ ውስጡ ክፍት ነው፤ ቅጠሉ ግን አረንጓዴ ነው፣ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ።

እናቴ ስታደርግ እንዳየሁት አደረግኩ። ከተፍኩት፣ ቀቀልኩት፣ ውሃውን ደፋሁ፣ ጨመቅኩት፣ እንደገና ቀቀልኩት። ግማሽ ቀን ከምድጃው አልተነሳሁም። በመጨረሻ ድስቱ ውስጥ የቀረው ግራጫ ክር ነው። ማሂ አንድ ጊዜ ጎረሰች፣ ረጅም ጊዜ አኘከች፣ በእጇ አንዱን ክር ከጥርሷ ጎትታ አወጣችና አየችኝ።

«ናሁ፣ ይህን መልበስ ነው መብላት?»

ከሚያዝያ ወዲህ የቀለደችው የመጀመሪያ ቀልድ ነው። ራሴን ግን ወቀስኩ። ሰው ስንት ዓመት ጎመን በልቶ እንዴት አንድ ቀን ምድጃ ጋ ቆሞ አያይም?

ሐምሌ 3

ማሪቴስ አሠራሩን ስነግራት ማሽን ተደግፋ ሳቀች። «ውሃውን ደፋህ? ቫይታሚኑን ለማጠቢያ ቧንቧው ነው ያጠጣኸው!» እኛ ቅጠል ሬሳ እስኪሆን ነው የምናበስለው ብዬ ተከራከርኩ፤ ጎመን ደግሞ ጠንካራ ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል። «ይሄ ግን ጎመን አይደለም» አለች። ዘይቱ ይጋል፣ ነጭ ሽንኩርቱ ይግባ፣ ቅጠሉን ጣል፣ ገልበጥ ገልበጥ፣ አውጣ። ሌላ የለም።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ጣል፣ ገልበጥ ገልበጥ፣ አውጣ። ቃሪያ ጨመርኩበት። አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ ወጣ። ማሂ በሩዝ በላችው! ጎመን በሩዝ ስትበላ እማማ ቦሰና ቢያዩ ያኔውኑ በእግራቸው ይመጡ ነበር። ሳህኑ ግማሽ ደረሰ። ያስመልሳታል ብዬ ጠበቅሁ። አላስመለሳትም።

«ጎመን ነው?» አለችኝ ስትጨርስ።

«ዘመዱ ነው።»

«በየት በኩል?»

«በሚስቱ በኩል።»

ጥሩ ቀን ነበር። ሳህን እያጠብኩ ስዘፍን ጎረቤት ግድግዳ አንኳኳ።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ዛሬ ደማም ነበርን፤ ነበርን ብዬ ስጽፍ ደስ ይለኛል፣ ማሂም አብራኝ ነበረች። ዩኑስ ነው የጠራን። በደማም ወደብ የመጋዘን ኃላፊ ነው፤ የጅማ ልጅ፣ እዚህ አገር መጀመሪያ ያወቅኩት ሰው። «ከወደቡ ወዲህ የባንግላዴሾች ሱቅ አለ፣ እናንተ የምትፈልጉት ሁሉ እዚያ ነው፣ ወላሂ። ማሂንም አምጣት እንጂ፣ ሴትየዋን ቤት ቆልፈህ ቅጠል የምታመላልስላት ፍየል ናት እንዴ?» አለኝ።

ከመኪናው ትወርዳለች ብዬ አልጠበቅኩም። ወረደች። ሱቁ ውስጥ እያንዳንዱን ቅጠል አነሳች፣ አሸተተች፣ በጣቷ አሸች። አዲስ አበባ ፋርማሲ ስትሠራ መድኃኒት እንዲህ ነበር የምትይዘው። ባለ ሱቁን «ይህ ምንድን ነው? ይህስ?» እያለች አደከመችው። ዩኑስ አንድ ቀይ ቅጠል ሲያይ ቆመ።

«አላህ ያሳያችሁ፣ ይሄማ እኛ ሰፈር ከበቆሎ ማሳ ነቅለን የምንጥለው አረም ነው። ባሕር ተሻግሮ በገንዘብ ይሸጥ?»

«ይበላል?» አለችው ማሂ።

«እናቴ በክረምት ታበስለው ነበር። እኛ ልጆቹ ነን ለሰው እንዳትናገሩ እየተባልን የምንበላው።»

ቀዩን ገዛን። ሌላም ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ ቅጠል ገዛን። ቤት ስንገባ ቀዩ ዘይቱን፣ ሩዙን፣ ማንኪያውን፣ ሸሚዜን ደም አስመሰለው። ማሂ ሸሚዜን አይታ እስክትንበረከክ ሳቀች። የሚያብረቀርቀው ደግሞ ሲበስል ተልባ ሆነ፤ ማንኪያውን ስታነሳው አብሮ ይነሳል። ልጥለው ስል «ተው፣ እንደ ተልባ ነው፣ ደስ ይላል» ብላ ጠጣችው ልበል በላችው፣ እንጃ።

ወደ ቤት ስንመለስ በመኪና ውስጥ «ይሄ ሁሉ ሰው እዚህ ይኖራል ማለት ነው» አለች። የትኛውን ሰው ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ሐምሌ 14

መጋረጃው ተከፍቶ አገኘሁት። ብርሃኑ ተስማምቷት ይሆናል።

እማማ ቦሰና ደወሉ። «ትኬት አየህ?» ይላሉ። እያየሁ ነው አልኩ። አላየሁም። ውሸት ነው፣ ግን ትንሽ ውሸት ነው።

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

የዛሬው ማሉንጋይ ይባላል። ማሪቴስ ናት ያመላከተችኝ፤ ለሚያጠቡና ለነፍሰ ጡሮች ሾርባ ያደርጉታል። ማሂ አንዴ አይታው «ሽፈራው ነው እኮ!» አለች። ፋርማሲው በራፍ ላይ በሻይ ከረጢት ይሸጡት ነበር። ባሕር አቋርጠን፣ የፊሊፒን ሱቅ ገብተን ሽፈራው።

ቅጠሉ ግን ጥቃቅን ነው፣ ከዘንጉ አንድ በአንድ መለቀም አለበት። መሬት ላይ ጨርቅ አንጥፈን ከሰዓቱን ሙሉ ለቀምን። እጅ ሲሠራ አፍ ይፈታል መሰለኝ። ማሂ ብዙ አወራች። በቀን የአየር ማቀዝቀዣው ብቻ እንደሚያናግራት፣ ድምፁን እስከመለየት እንደደረሰች፣ ሲዘጋ ዝም ብላ እንደምትጠብቀው። እኔ ሥራ ስሄድ ከተማው ሁሉ አብሮኝ እንደሚሄድ። በቀልድ ነው የነገረችኝ። እኔም ሳቅሁ፤ በኋላ ግን ደግሜ አሰብኩበት። ትርፍ ሰዓት ልቀንስ ነው። ለለቀማውም ሰው ያስፈልጋል።

ሾርባው ጥሩ ነበር። ሁለት ጊዜ አስጨመረችኝ።

ሐምሌ 22

ከአልጋው ሥር የነበረው ሻንጣ ወጥቶ ተከፍቷል። የሕፃን ልብሶች አሉበት፣ የእሷም ነጠላ።

«ላስተካክል ብዬ ነው» አለች።

ለማስተካከል ነው። ሆስፒታል የሚያዝ ዕቃም ቀድሞ ይዘጋጃል። ዩኑስን ደውዬ ጠየቅሁት፤ «ሻንጣ ለሆስፒታልም ይሆናል፣ ምን ሙሽኪላ አለው?» አለኝ። ግን ነጠላ ለሆስፒታል ምን ያደርጋል? እራት አልበላሁም፣ ቅጠሉንም አላበሰልኩ። እሷ ናት ተነስታ የጠበሰችው። ለእኔ።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

ዩኑስ ከጠዋቱ ደወለ። ከወደቡ አጠገብ የጭነት ሾፌሮች የሚበሉበት የፓኪስታኖች ቤት ጎን አንድ ሱቅ አለ፤ በቀዝቃዛ ኮንቴይነር የሰናፍጭ ቅጠል ገብቷል። «አሸተትኩት። ቶሎ ና፣ አልምልም ግን የእናንተ ነገር ይመስለኛል።»

በረርን። ቅጠሉ ሰፊ፣ ጠርዙ የተሸበሸበ፣ ጠንካራ። ማሂ መኪናው ውስጥ ጭኗ ላይ አስቀምጣው እስከ ኹበር አቀፈችው። ቤት ስንደርስ «አንተ ዛሬ ዞር በል» አለችኝና ራሷ ከተፈችው። ቢላው ሲነካው ያ ሽታ ወጣ፤ አፍንጫ ቆንጠጥ የሚያደርገው፣ ክረምት የቤተሰቤ ወጥ ቤት የሚሸተው። ይሄኛው ጊዜ ይፈልጋል አለች፤ በዘይትና በዝንጅብል፣ በቀስታ፣ የራሱ ውሃ ሳይደፋ። ሬሳ ሳይሆን፣ ጥሬም ሳይሆን።

በእጇ ጎረሰች። ዐይኗ እንባ ሞላ።

«ጎመን ነው?» አልኳት።

«ጎመን ነው። አታገኘውም ብዬ ነበር፣ ናሁ። አታገኘውም ነበር ያልኩት።»

«ለአንቺ ብዬ ምን የማላገኘው አለ» አልኩ፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ። ይህን ስል ይበልጥ አለቀሰች። እርግዝና እንዲህ ያደርጋል ይላሉ። ቀኝ እጇ ጉንጯ ላይ ነበር፣ ግን ያማራትን ስላገኘች አልነካሁትም።

ሐምሌ 29

ዛሬ ነው። ሥራ ቦታ ሆኜ። ቀጠሮው ከሰዓት ነው። አንድ ብሎን ማሽኑ ውስጥ ጥዬ እሱን ስፈልግ ነው ያረፈድኩት።

ማታ

ሁሉንም ልጻፈው።

ዶክተር ኢልሃም ወረቀቱን አየች፣ እንደገና አየች፣ «ማሻአላህ፣ ክኒኑን መዋጥ ቻልሽ እንዴ?» አለቻት። ማሂ ከምግብ ጋር ሲሆን ይዋጣል አለች። ደሟ ከፍ ብሏል። ሕፃኑ በደንብ አድጓል። ልብሱን ስሰማ እንደ ሞኝ ቆሜ ቀረሁ፤ የልቡን ድምፅ ማለቴ ነው፣ ምን እንደምጽፍ አላውቅም።

መኪና ውስጥ ገባን። ማቀዝቀዣውን ከፈትኩ። ትስቃለች፣ ትደውላለች ብዬ ስጠብቅ ማሂ ዝም አለች። ወደ ባሕሩ ዳር መንገድ ወጣን። ደሟ ከፍ ካለ ትቀራለች ብለን ነበር፤ ከፍ ብሏል፤ ታዲያ ዝምታው ምንድን ነው?

«ደስ አላለሽም?» አልኳት።

«ደስ ብሎኛል። አንተስ ምን ትላለህ?»

«አንቺ እንደሚሻልሽ…»

«ናሁሰናይ።» ሙሉ ስሜን ስትጠራ ነገር አለ ማለት ነው። «ከሰኔ ጀምሮ እንደሚሻልሽ፣ እንደሚሻልሽ ትለኛለህ። ለእኔ እንደሚሻለኝ እኔ አውቃለሁ። አንተ ምን ትፈልጋለህ?»

መኪናውን ዳር አቆምኩት። መነጽሬን አወለቅሁ። «እንዳትሄጂብኝ እፈልጋለሁ» አልኩ። «ስትወልጂ ደጅ ቆሜ መጠበቅ እፈልጋለሁ። ልጄን በስልክ ማየት አልፈልግም። ትኬትም አላየሁም፣ እናትሽን ዋሽቻቸዋለሁ። ብቻዬን ሆኜ ያን ማቀዝቀዣ መስማት አልችልም።»

ወደ እኔ ዞረች።

«ይህን እስካሁን የት ደብቀኸው ነበር?»

«እንዳላስጨንቅሽ ብዬ ነው።»

«እኔ እኮ አትሂጂ የማትለኝ ሰልችቼህ መስሎኝ ነበር» አለች። ከዚያ ስልኳን አወጣች። «እማዬ፣ አልመጣም።» እማማ ቦሰና «ጎመኑን ማነው የሚሠራልሽ?» ሲሉ ሰማሁ።

«ናሁ።»

«ናሁ? ወጥ ቤት ገብቶ?»

«ገብቶ። ሲዘፍንም ያስቸግራል።»

«እንግዲህ ጎመን በጤና ነው» አሉ። «አደራ ግን፣ ቅቤ አይርሳ። ለእኔ ዱቄት የሚያደርስ ሰው ፈልጉልኝ፣ ለአራስነቷ ገብስ እልካለሁ።»

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ፍልሰታ ከገባ ወዲህ ቤታችን ሱቅ ሆኗል። ማሂ ነፍሰ ጡር ናትና አትጾምም፣ የንስሐ አባቷ በስልክ ከልክለዋታል፤ እኔ ጾሜ እሷ ታበስላለች። ካንግኮንጉን በቃሪያ፣ ሽፈራውን ከምስር ጋር፣ ቀዩን ከድንች ጋር። ዛሬ ማሪቴስና ዩኑስ ነበሩ። ማሪቴስ የእኛን የሰናፍጭ ጎመን ቀምሳ «ይሄን ያህል አብስላችሁት እንዴት ይጣፍጣል?» አለች። ዩኑስ ስለ አረሙ ለሦስተኛ ጊዜ ተረከልን። ማሂ የማሪቴስን ስልክ ቁጥር ተቀብላለች፤ ማክሰኞ ገበያ አብረው ይሄዳሉ። እኔን አልጠሩኝም።

ሻንጣው ከአልጋው ሥር ተመልሷል። ነጠላው ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሏል።

መስከረም 14

ሴት። ደህና ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው። ደጅ ቆሜ ነበር። ስትጮህ ሰማኋት። ሌላ መጻፍ አልቻልኩም።

መስከረም 16፣ ዓርብ

ቤት ገብተናል። ከአልጋው ሆነው ሁለቱ ሲተነፍሱ እየሰማሁ ከቆየሁ በኋላ እማማ ቦሰና የላኩትን የገብስ ዱቄት አወጣሁ። ነገ መስቀል ነው። አገር ቤት ቢሆን ክረምቱ ወጣ ተብሎ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይባል ነበር። ደስ አለኝና ክረምቱን ሙሉ ቅጠል ያበሰልኩበትን ድስት አንስቼ በእውነት በረንዳ ላይ አወጣሁት፤ በረንዳው ግን አሁንም እንደ ምድጃ ይጋግራል፣ ክረምትም አልወጣም።

እማማ ቦሰና በቪዲዮ ሆነው ገንፎውን አስገነፉኝ። «አማስል፣ አትቁም፣ ጓጎለብህ፣ እንደገና!» ከዚያ ልጅቷን አሳየኋቸው። «አገላብጣት እስቲ» አሉኝ። አገላበጥኳት። ጉንጯን፣ ጀርባዋን፣ እግሮቿን መረመሩ።

«ምልክት የለባትም» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። «ያማራት ሁሉ ተሟልቶላታል። ተባረክ ልጄ፣ ተባረክ።»

ስልኩ ሲዘጋ ማሂ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፣ ስትስቅ ያማታልና «አታስቀኝ» ትላለች፣ እኔ አንድም አልተናገርኩ።

«ምን ሆንሽ?»

«ናሁ፣ ጎመን እኮ አላማረኝም ነበር።»

ማማሰያውን እንደያዝኩ ቆምኩ።

«እዚህ አገር የማይገኘው ምንድን ነው ብዬ አስቤ ነው ጎመን ያልኩህ። ሲያጣ ራሱ ሂጂ ይለኛል ብዬ። አንተ ግን በማግስቱ መነጽርህን እየጠረግህ ወጣህ። ከዚያ ሌላ ቀንም ወጣህ። ምን ላድርግ?»

ሰኔን አሰብኩ፣ የተዘጋውን መጋረጃ፣ «ለሱ እንዴት ብዬ ልንገረው» የሚለውን። ሞኝነቴ አስቆኝ፣ አሳዘነኝም።

«እንግዲያው ያን ጊዜ ያማረሽ ምን ነበር?»

«ቤት» አለች። «የእናቴ ቤት።»

ገንፎው ከሥሩ ሊያርብኝ ነበር፤ ቶሎ አውጥቼ በቅቤና በበርበሬ ጉድጓዱን ሞልቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አንድ ማንኪያ አጎረስኳት። አላመጠችው፣ ዋጠችው፣ ቀና ብላ አየችኝ።

«አሁንስ?» አልኳት፤ ፈርቼ ነው የጠየቅኩት። «አሁን ምን አማረሽ?»

ልጅቷን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«አሁንማ ጎመን» አለች።

ድስቱን ከበረንዳው መልሼ አስገባሁት።